የካራቆሬ ሌሊትና የገጠሩ ስጋት
በአንድ አውራጃ የተፈጥሮ አደጋን ስለ መመዘን የቀረበ ታሪካዊ አስተያየት

በግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና አካባቢ ምድር በኃይል ተናወጠች። የመንቀጥቀጡ መጠን 6.5 ገደማ ነበር። ማጀቴ የተባለችው ከተማ ፈጽማ ፈረሰች። በካራቆሬ ከነበሩት ቤቶች ውስጥ 45 ከመቶ ያህሉ ወደቁ። ከካራቆሬ በስተሰሜን ያለው አውራ ጎዳና ለ17 ኪሎ ሜትር ያህል በናዳና በስንጥቅ ተጎዳ። በአካባቢው 5,000 ያህል ሰው ያለ መጠለያ ቀረ። ነገሩም በአንድ ሌሊት አላበቃም፤ ከዋናው መንቀጥቀጥ በፊት የጀመሩት ትንንሽ ንቅናቄዎች ከእርሱም በኋላ እየተከታተሉ እስከ ክረምቱ ማለቂያ ድረስ ቀጠሉ። ቤቱ የፈረሰበት ገበሬ ዝናሙን የተቀበለው ከሥሩ የምትንቀጠቀጥ ምድር ላይ ሆኖ ነው።

ይህ ታሪክ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከአንድ የቁጥር ሰንጠረዥ መካከል እንደ አንድ መሥመር ሆኖ ነው፤ ቀኑ፣ ኬክሮሱ፣ ኬንትሮሱ፣ መጠኑ። ጸሐፊው ግን የካራቆሬን ሌሊት እንደ ሰንጠረዥ መሥመር ሳይሆን እንደ ትምህርት ቤት አድርጎ ሊያየው ይወዳል። ምክንያቱም በአገራችን የተፈጥሮ አደጋን ስጋት የመመዘን ሥራ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ምን ያህል እንደ ተራመደና የት ላይ እንደ ቆመ ከዚህ አንድ አውራጃ ታሪክ በግልጽ ስለሚነበብ ነው። ሥራው የቆመበትን ስፍራ አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ የምድሪቱን ኃይል መለካትን ተምረናል፤ በገጠር የሚኖረው ሰው በዚያ ኃይል ፊት እንዴት እንደ ቆመ መመዘንን ግን ገና በሚገባ አልጀመርንም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ምድሩ

ቀድሞ ይፋትና ጥሙጋ ይባል የነበረው አውራጃ ዛሬ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞንና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች ተከፋፍሎ ይገኛል። መንገደኛ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በርን ሲያልፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ ራሱን ያገኛል። ይህ ታላቅ ገደል የኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ የሚለይበት ጠርዝ ነው።

በዚህ ጠርዝ ላይ ምድሪቱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት ጀምሮ ስትለጠጥና ስትሰነጠቅ ኖራለች። ስንጥቆቹ በአመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተደረደሩ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸውም እንደ ሮቢትና እንደ ቦርከና ያሉ ጠባብ ሜዳዎች ወደ ታች ሰምጠው ይገኛሉ። ሜዳዎቹን ከደጋው የወረደው ደለል ሞልቷቸዋል። ገበሬው ለማሽላውና ለጤፉ የሚመርጠው ይህንኑ ደለል ነው፤ ነጋዴውና መንገድ ሠሪውም ሜዳውን ይመርጣሉ። ነገር ግን ልል ደለል ከጽኑ አለት ይልቅ የመንቀጥቀጥን ሞገድ አጉልቶ ያወዛውዛል። እንግዲህ ለእርሻም፣ ለገበያም፣ ለመንገድም የሚመቸው ስፍራ አብዝቶ የሚናወጠው ስፍራ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ከሜዳው ሸሽቶ ወደ ተዳፋቱ የወጣውን ደግሞ ናዳ ይጠብቀዋል። ሰውየው ከሁለቱ አንዱን መርጦ መኖር አለበት።

፪. መዝገቡ

በአገራችን ስለ ምድር መናወጥ የተጻፈው ነገር ጥንታዊ ነው። በዜና መዋዕሎችና በገዳማት መጻሕፍት ዳር፣ በመንገደኞችና በሚሲዮናውያን ማስታወሻዎች ውስጥ ተበታትኖ ኖሯል። ይህን የተበታተነ ምስክርነት አሰባስበው በሥርዓት ያቀረቡት ትውልደ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። እኚህ ሰው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (1957–58 እ.ኤ.አ.) ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተመሠረተውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙና ለብዙ ዓመታት የመሩ ናቸው። የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው በ1979 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከእርሳቸው በኋላም እንደ ዶክተር ላይከማርያም አስፋው ያሉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት መዝገቡን እያረሙና እያሰፉ ሥራውን ቀጠሉ።

መዝገቡን በጥሞና የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ምስክርነቱ የበዛው ምድር በበረታ በተናወጠችበት ስፍራ ሁሉ ሳይሆን ብዕር የያዘ ሰው በተገኘበት ስፍራ ነው። በ1830ዎቹ አጋማሽ አንኮበርን የመታው መንቀጥቀጥና ናዳ ሊመዘገብ የቻለው አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ስለ ነበረችና በዚያ ዘመን የውጭ አገር መልእክተኞችና መንገደኞች ስለ ተቀመጡባት ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ምንጩ በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ እንደ ሆነ የሚገመት ታላቅ መንቀጥቀጥ ደረሰ። የቀረልን ትዝታ ግን በአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ድንጋጤ ነው። ከምንጩ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የነበረው ሰው ተጽፎለታል፤ በምንጩ ላይ የነበረው አልተጻፈለትም። ነሐሴ 8 ቀን 1913 ዓ.ም. ምጽዋን ያፈረሰው መንቀጥቀጥም በዝርዝር የታወቀው ምጽዋ በቅኝ ገዥ እጅ የነበረች የወደብ ከተማ ስለ ሆነች ነው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ለሙያችን ቀላል አይደለም። የመዝገቡ ዝምታ የምድሪቱ ዝምታ አይደለም። አንድ ወረዳ በካታሎግ ውስጥ ምንም ምልክት የሌለበት ሆኖ ቢገኝ ምድሩ የተረጋጋ ስለ ሆነ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ፣ ቤተ መንግሥት፣ የባቡር ጣቢያ ወይም ቆንስላ ስላልነበረበትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሳይለይ ባዶውን ስፍራ «ስጋት የሌለበት» ብሎ የሚያነብ ሰው የታሪክን ጉድለት ወደ ተፈጥሮ ሕግ ይለውጠዋል።

የካራቆሬ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያ በሥራ ላይ ነበር፤ ስፍራው የመኪና መንገድ ነበረው፤ ሄዶ ለማየት የሚችል ባለሙያም ነበር። ስለዚህ አንድ የገጠር አውራጃ የደረሰበት ጉዳት በመሣሪያም በዐይንም የተመሰከረበት ጊዜ ሆነ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በአፋር ሰርዶ የተባለችው ትንሽ ከተማ በመንቀጥቀጥ ስትፈርስና ሰዎች ሲሞቱም ይኸው ሥርዓት ለምስክርነት በቃ።

፫. ካርታውና ደንቡ

መዝገብ ካለ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «ወደ ፊትስ?» የሚለው ነው። አባ ጉዋን በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የኢትዮጵያ የመንቀጥቀጥ ቀጣናዎች ካርታ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ የመጀመሪያ መልስ ነበር። ካርታው ወረቀት ሆኖ አልቀረም፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕንፃ ሥራ ደንብ የመንቀጥቀጥን ኃይል ከሚታሰቡት ጭነቶች አንዱ አደረገው። ደንቡ በ1983፣ ቀጥሎም በ1995 እ.ኤ.አ. ታደሰ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውሮፓን ሥርዓት የተከተለው ደንብ በስፍራው ተተካ።

በሁለቱ የመጨረሻ ደንቦች መካከል ያለውን ልዩነት ከሙያው ውጭ ያለ አንባቢም ሊረዳው ይገባል። የ1995ቱ ደንብ የተመሠረተው በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ በሚደርስ መናወጥ ላይ ነበር። ይህ ለሰሚው የሚያጽናና ይመስላል። ይሁን እንጂ በሒሳቡ መሠረት 50 ዓመት የሚያገለግል አንድ ቤት በዕድሜው ውስጥ እንዲህ ያለውን ወይም ከዚህ የበለጠውን መናወጥ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 39 ገደማ ነው። የ2015ቱ ደንብ ግን በአማካይ በ475 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርሰውን ይወስዳል፤ ዕድሉም በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ 10 ይሆናል። በአሮጌው ደንብ ከፍተኛው ቀጣና የታሰበለት የመሬት ፍጥንጥነት ከስበት ኃይል አንድ አሥረኛ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ ይኸው አንድ አሥረኛ ለአዲስ አበባ ቀጣና የተመደበ ሲሆን ከፍተኛው ቀጣና ወደ አንድ አምስተኛ ከፍ ብሏል። ምድሪቱ በሃያ ዓመት ውስጥ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው እኛ ልንሸከመው የፈቀድነው የስጋት መጠን ነው።

ይህ ሁሉ ሊመሰገን የሚገባው እርምጃ ነው። ነገር ግን ደንቡ የሚናገረው ከማን ጋር ነው? ደንቡ የሚናገረው ከመሐንዲሱ ጋር ነው፤ መሐንዲሱም በብረትና በኮንክሪት ከሚሠራው ጋር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሲደነገግ በመሠረቱ የታሰበው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነበር። ገበሬው ከጎረቤቶቹ ጋር በደቦ የሚሠራው ቤት ግን ፈቃድም፣ ፕላንም፣ ተቆጣጣሪም አያውቅም። በ1953 ዓ.ም. በይፋት የወደቁት ቤቶች ከዚህ ዓይነቱ ወገን ነበሩ። የካራቆሬ ጥፋት ለደንቡ ቁጥር ሰጠ፤ ደንቡ ግን ለካራቆሬ ቤት ሳይደርስ ቀረ።

፬. ቤቱ

በመሬት መንቀጥቀጥ ሰውን የሚገድለው ምድር ሳትሆን ቤት ነው ይባላል። አባባሉ በካራቆሬ ዓይነት ስፍራ በትክክል ምን ማለት እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል።

መንቀጥቀጥ ቤትን በአመዛኙ የሚገፋው ወደ ጎን ነው፤ የግፊቱ ኃይልም ከቤቱ ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል። በምሰሶና በማገር ተዋቅሮ፣ በልጥ ታስሮ፣ በጭድ ጭቃ ተመርጎ፣ በሣር የተከደነ ቤት ቀላል ነው። እንጨቱ ይለመጣል፤ ማሰሪያው ይላላል እንጂ በአንድ ጊዜ አይበጠስም፤ ምርጊቱ ቢረግፍም አጽሙ ይቆማል። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ግን ከባድ ነው፤ ጭቃው ሲጨመቅ ይችላል፣ ሲሳብ ግን አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ማዕዘኑ ይከፈታል፤ ከዚያ የውጭው የድንጋይ ረድፍ ከውስጡ ተለይቶ ይነፋል፤ በመጨረሻ ግድግዳው ከነጣሪያው በተኛው ሰው ላይ ይወርዳል። ቆርቆሮው ራሱ ቀላል ቢሆንም ከግድግዳው ጋር በሚገባ ካልታሰረ ግድግዳውን አይዘውም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነገር አለ። ደን እየሳሳ፣ ጥሩ እንጨት እየተወደደ ሲሄድ፣ እጁ ትንሽ ያማረለትም ገበሬ «የሚከበር ቤት» ልሥራ ሲል ከእንጨት ወደ ድንጋይና ወደ ብሎኬት ይሸጋገራል። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም እንደዚሁ። ይህ ሽግግር ከእሳት፣ ከምስጥና ከዝናም አንጻር መሻሻል ነው። ማዕዘኑ ካልታሰረና አግድም መቀነት ካልገባበት ግን የመንቀጥቀጡ ስጋት ይጨምራል፤ ያውም ምድሪቱ ከቀድሞው አንድ ጊዜ እንኳ አብልጣ ሳትንቀጠቀጥ። በካርታው ላይ ያለው ቀለም ሳይለወጥ በቤቱ ውስጥ ያለው ስጋት በእጥፍ ሊያድግ ይችላል።

መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ውስጥ ድንጋይና አግድም እንጨት እየተፈራረቁ ተደርድረው እናያለን። የጥንቶቹ ግንበኞች ሐሳብ ምንም ይሁን ምን፣ እንዲህ ያለው አግድም እንጨት የድንጋዩን ግድግዳ እንደ መቀነት አጥብቆ ይይዘዋል። በዛሬው ገበሬ አቅምም በመስኮቱ ሥርና በመስኮቱ አናት ላይ በአራቱም ማዕዘን የሚዞር የባሕር ዛፍ መቀነት ማስገባት፣ በግድግዳው ውፍረት ልክ የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ በየመካከሉ ማኖር፣ ጣሪያውን ከላይኛው መቀነት ጋር ማሰር ይቻላል። ይህ ለዶክተር የሚተው ጥናት አይደለም፤ ለግንበኛ የሚሰጥ የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው።

፭. አንድ አውራጃ፣ ብዙ አደጋ

የሙያ ክፍፍላችን አደጋዎችን በየፈርጁ ለያይቶ እንድናይ ያደርገናል። መንቀጥቀጥ ለጂኦፊዚክስ፣ ናዳ ለጂኦሎጂ፣ ድርቅ ለሜትዎሮሎጂ፣ ረሀብ ለእርዳታ መሥሪያ ቤት ይሰጣል። ገበሬው ግን ሁሉን የሚቀበለው በአንድ ጎጆ ውስጥ ሆኖ ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዚሁ ጠርዝ ላይ በጣርማ በር ወረዳ ይዛባ ወይን በተባለው ስፍራ ከክረምቱ በኋላ ውኃ የጠገበው ተዳፋት ተንሸራትቶ ብዙ ገበሬዎችን ከቤትና ከእርሻ አፈናቀለ። ያን ጊዜ መንቀጥቀጥ አላስፈለገም፤ ውኃው ብቻ በቃ። በካራቆሬ ግን ሁለቱ ተገናኝተዋል። ዋናው መንቀጥቀጥ የደረሰው ክረምት ሊገባ ሲል ነበር፤ የተሰነጠቀው ተዳፋት ዝናሙን ጠበቀ፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ማለት ነው። በመንቀጥቀጥና በናዳ መካከል ያለው ዝምድና በካታሎግ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ገጾች ሆኖ ቢገኝም በተዳፋቱ ላይ አንድ ነገር ነው።

ናዳ ምን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ታይቷል። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ሲሆኑ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። የመረዳዳት ባህላችን የተናደ ተዳፋት እንደገና ሊናድ እንደሚችል ከሚያስጠነቅቅ አንድ ሰው ጋር ቢገናኝ ኖሮ ስንት ነፍስ በዳነ ነበር!

ስለ ድርቅና ስለ ረሀብ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ለሌሎቹ አደጋዎች ሁሉ የሚበጅ ትምህርት ሰጥቷል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን የመረመሩበትና በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የረሀብን ጉዳይ በአውራጃ ደረጃ አይቶ፣ ረሀብን በዝናም መጥፋት ብቻ ማስረዳት እንደማይቻል አሳየ። ዝናም መቅረት የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ገበሬው አንድ መጥፎ ዓመት እንኳ የሚያሳልፍበት ጥሪት እንዳይኖረው ያደረገው ሥርዓት ግን የሰው ሥራ ነው። ይህን ሐሳብ ወደ መንቀጥቀጥ ስናመጣው በትክክል ይገጥማል። መጠኑ 6.5 የሆነ መንቀጥቀጥ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ የማጀቴ መፍረስ ግን ከተፈጥሮም ከሰውም የሆነ ነው።

የመንግሥት አሠራርም ቀስ በቀስ በዚህ አቅጣጫ ተራምዷል። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ብዙ ሳይቆይ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ። ሥርዓቱ ግን ዝናምን፣ ሰብልን፣ ከብትንና የገበያ ዋጋን የሚከታተል ነበር። ኋላ በ2000ዎቹ ዓመታት የተጀመረው የወረዳ የአደጋ ስጋት ገጽታ ጥናት ቤተ ሰቦችን እየጠየቀ የእያንዳንዱን ወረዳ ስጋት ለብቻው መመዘን ያዘ፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲም ሥራው አደጋው ከደረሰ በኋላ ከመርዳት አስቀድሞ ስጋቱን ወደ መቀነስ እንዲዞር አዘዘ። አካሄዱ ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ቤተ ሰብ ሲጠየቅ የሚያስታውሰው በየጥቂት ዓመቱ የሚመላለሰውን ድርቅ፣ ተባይና ጎርፍ ነው። በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ የሚመጣው መንቀጥቀጥ በእንዲህ ያለው መጠይቅ ውስጥ ስፍራ አያገኝም። መዝገቡ ገጠሩን ረሳ፤ መጠይቁ ደግሞ መንቀጥቀጡን ይረሳል። ሁለቱ ካልተገናኙ አውራጃው በመካከላቸው ይወድቃል።

፮. የ2017ቱ ማስታወሻ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከይፋት በስተደቡብ ባለው በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድሪቱ እንደገና ተቀሰቀሰች። ከሥር ቅልጥ አለት በስንጥቅ መካከል እየገባ ሲሄድ መንቀጥቀጦቹ ለወራት ተከታተሉ፤ በታኅሣሥ ማለቂያ መጠኑ 5.7፣ የካቲት 7 ቀን 6.0 የደረሰ ተመዘገበ። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከአፋርና ከኦሮሚያ ወረዳዎች ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰውም ሲወዛወዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሕንፃ ደንብ ይጠይቅ ጀመር።

ይህ ድርጊት ሁለት ነገር አስገነዘበ። አንደኛው፣ በምድር ሥር ምን እንደሚካሄድ ለማወቅ ያለን ችሎታ ከ1953 ዓ.ም. ጋር የሚወዳደር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በአፋር ዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ እስከ 8 ሜትር ድረስ ሲከፈት በሳተላይት እንደ ተለካ ሁሉ፣ በ2017ም የመሬቱ መነሣትና መስመጥ ከሰማይ ሆኖ ይነበብ ነበር። ሁለተኛው፣ ይህ ሁሉ ዕውቀት «የዚህ ቀበሌ ቤቶች ምን ያህሉ ይቆማሉ? ከላይ ያለው የከሰም ግድብ ቢጎዳ ውኃው በየት ይወርዳል? አሽከርካሪው በየትኛው መንገድ ይወጣል? ከብቱስ?» ለሚለው ጥያቄ በራሱ መልስ አይሰጥም። ሰው ከስፍራው ከተነሣ በኋላ የተጀመረ ጥያቄ ሁሉ የዘገየ ጥያቄ ነው።

መንገድም ቢሆን እንደዚሁ ሊታሰብበት ይገባል። በነሐሴ 1981 ዓ.ም. በአፋር በዶቢ ሜዳ በደረሰው መንቀጥቀጥ ወደ አሰብ ወደብ የሚያደርሰው አውራ ጎዳና ድልድዮች ተጎድተው ነበር። በካራቆሬም መንገዱ በናዳ ተመትቷል። የገጠር አውራጃ በአብዛኛው አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ እርሱ ከተቆረጠ እርዳታውም ቁስለኛውም በያሉበት ይቀራሉ።

፯. ምን ይመዘን?

ከላይ የተባለው ሁሉ ተጠቃሎ ወደ ሥራ እንዲለወጥ ጸሐፊው የሚያቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ወረዳ ከስንጥቅ ካርታው ጎን ለጎን አራት ነገሮችን የያዘ አንድ መዝገብ ይኑረው። አንደኛ፣ የቤት ዓይነት፤ ስንቱ እንጨትና ጭቃ፣ ስንቱ ድንጋይና ጭቃ፣ ስንቱ ብሎኬት፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያውስ ከየትኛው ወገን ነው። ሁለተኛ፣ ቤቱ የተሠራበት ስፍራ፤ ደለል፣ አለት ወይስ ተዳፋት፤ ተዳፋት ከሆነም አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም ስፍራውን የለወጠ ምንጭ ይታይበት እንደ ሆነ። ሦስተኛ፣ መውጫ፤ መንገዱ ቢቆረጥ ሌላ መሄጃ መኖሩ። አራተኛ፣ ጥሪት፤ ቤቱ የወደቀበት ሰው እስከሚቀጥለው መኸር በምን እንደሚኖር። ይህን ለመሙላት ሳተላይት አያስፈልግም። የቀበሌ ልማት ሠራተኛ፣ አንድ መምህርና አንድ ግንበኛ አብረው በእግር ቢዞሩ ይበቃል። የማኅበራችን አባላት ድርሻ መዝገቡን ከካርታው ጋር አገናኝቶ «መጀመሪያ የሚጠናከረው ይህ ትምህርት ቤት ነው፤ መጀመሪያ የሚነሣው ያ መንደር ነው» ብሎ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

አምስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ጊዜ የማይሰጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. ክረምት አሥራ አምስት ዓመት የሞላው የማጀቴ ወይም የካራቆሬ ልጅ ዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሽማግሌ ነው። የትኛው ቤት ቀድሞ እንደ ወደቀ፣ የትኛው እንደ ቆመ፣ ምንጩ የት ደረቀና የት ፈለቀ፣ ገደሉ በየት በኩል እንደ ተናደ፣ ሕዝቡ ክረምቱን የት ተጠልሎ እንዳሳለፈ በዐይኑ ያየ ነው። በአዲስ አበባ የተጻፈው የመሣሪያ መሥመር በመዝገብ ቤት ይቆያል፤ የእነዚህ አባቶችና እናቶች ምስክርነት ግን ከእነርሱ ጋር የሚሄድ ነው።

ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። በሰሜን ሸዋና በአጎራባች ወረዳዎች የምትሠሩ የሙያ ባልደረቦች ሆይ፣ የሚመጣው ክረምት መንገዱን ሳያከብደው ደብተር ይዛችሁ ሂዱና እነዚህን ሰዎች አነጋግሯቸው። በሚነግሯችሁ ቦታ ቁማችሁ ዛሬ በዚያ ስፍራ ላይ የተሠራው ቤት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ጻፉ። በዚያ ገጽ ላይ የካራቆሬ ሌሊትና የነገው ስጋት ጎን ለጎን ይነበባሉ።